በሙቀት ወራት መንፈሳችን እንዳይዝል

(በሰመራ በሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተነበበ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ ሙሉ ቃሉ በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንናገረው ስለ መዋጮ ወይም ስለ ቆሻሻ ማስወገጃ አይደለም፤ እሱ በየስብሰባው የሚነሣ ነው። ዛሬ ያቀረብነው ሁላችንም የምናውቀውን፣ ግን ደፍረን የማናነሣውን ጉዳይ ነው። ይኸውም የሙቀቱ ወራት ሲገቡ በብዙዎቻችን ላይ የሚመጣው የመንፈስ መዛልና ድብርት ነው።

እንደሚታወቀው በደጋው አገር ድብርት የሚነሣው በክረምት ነው ይባላል። ሰማዩ ይጠቁራል፣ ጉም ይወርዳል፣ መንገዱ ይጨቀያል፤ ሰውም ጋቢውን ተከናንቦ ምድጃ ዳር ኩርምት ይላል። የኛ ነገር ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስትሆን ሰመራ ያለችው 430 ሜትር ያህል ላይ ነው። ስለዚህ በሰኔ ወር ደብረ ብርሃን ላይ ሰው በብርድ ሲንቀጠቀጥ እዚህ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የአፋር ወገኖቻችን ዓመቱን ሲከፍሉ የግንቦትና የሰኔውን ደረቅ ሙቀት ሐጋይ፣ ከሐምሌ ጀምሮ ያለውን የዝናብ ወቅት ከርማ፣ ከጥቅምት በኋላ የሚመጣውን ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ ደግሞ ጊላል ይሉታል። እንግዲህ ደገኛው ክረምትን ሲፈራ እኛ የምንፈራው ሐጋይን ነው ማለት ነው። በአዋሽ ሰባት ኪሎ ያሉ ወገኖቻችንም ከኛ ከፍ ብለው ቢቀመጡም ይህንኑ ሙቀት ያውቁታል።

እስቲ አንድ ሰው እናስብ። ከደሴ ወይም ከደብረ ብርሃን በሥራ ተመድቦ የመጣ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር ሠራተኛ እንበል። በማለዳ ሥራ ይገባል። ቀትር ላይ ይመለስና በሩን ዘግቶ፣ መጋረጃውን ጋርዶ ይጋደማል። ቆርቆሮው ይግላል፤ መብራት ከጠፋ ቬንትሌተሩም ይቆማል። እንቅልፍ አይመጣም፣ ምግብም አያሰኘው። ሲመሽ ደግሞ «አሁን ወጥቼ የት እሄዳለሁ?» ይልና እዚያው ይቀራል። እንዲህ እንዲህ ሲል ሳምንት ይሞላል። ስልክ ሲደወል አያነሣም፤ እድር ላይ አይታይም። አገር ቤት ያለች እናቱ «ልጄ ምን ነካው?» እያለች ትብሰለሰላለች። ጎረቤቱ ደግሞ «ዝምተኛ ነው፣ ሰው አይወድም» ብሎ ይተወዋል።

እንዲህ ያለው ከደጋ የመጣ ሰው ብቻ አይደለም። ሕፃን ታቅፋ ቀኑን ሙሉ ከቤት የማትወጣ እናት አለች። በድርቅ ከብቱ አልቆበት ወደ ከተማ የገባ አርብቶ አደር አለ። በጅቡቲው መንገድ ሌሊትና ቀን የሚመላለስ ሾፌር አለ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከቀዬው የተፈናቀለ አለ። በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ምድሩ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን ትተው ወጥተዋል፤ ከነዚያም ውስጥ ዛሬም መኪና ሲያልፍ ልቡ የሚደነግጥ አለ። ለሁሉም ሙቀቱ ተጨማሪ ሸክም ነው።

ታዲያ ይህ ነገር ስንፍና ነው ወይ? አይደለም። በ1984 እ.ኤ.አ. ኖርማን ሮዘንታል የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በአሜሪካን አገር የክረምት ድብርትን በጥናት አሳወቁ። የፀሐይ ብርሃን ሲያንስ ብዙ ሰው እንቅልፍ ያበዛል፣ ምግብ ያበዛል፣ መንፈሱም ይወድቃል። በስዊድንም ሆነ በሚኒሶታ የሚኖሩ ወገኖቻችን በጨለማው ክረምት ምን እንደሚሰማቸው ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል። በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ እነዚሁ ሐኪሞች በሙቀት ወራት የሚመጣውን ተቃራኒውን ዓይነት ጻፉ። በዚህኛው ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ምግብ ይዘጋበታል፣ ይቁነጠነጣል፣ በትንሹም በትልቁም ይቆጣል። የሰፈራችንን ሰው በሰኔ ያየ ይህንን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልገውም! በዚያ ላይ እኛ ፀሐይን ሸሽተን ወራቱን በተጋረደ ክፍል ውስጥ ስለምናሳልፍ፣ ፀሐይ በሞላበት አገር ብርሃን ሳናይ እንውላለን።

አንዳንዱ ደግሞ «ይህ የእምነት ጉድለት ነው፤ የሚጸልይ ሰው አይደበርም» ይላል። ይህ አባባል የተጎዳውን ሰው ይበልጥ ይጎዳዋል፤ ችግሩንም እንዲደብቅ ያደርገዋል። እስቲ ቅዱሳት መጻሕፍቱን እንይ።

በመጽሐፈ ነገሥት ነቢዩ ኤልያስ ወደ በረሃ የአንድ ቀን መንገድ ሄዶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ሞቱንም ለመነ። ነቢይ ነው፤ ሆኖም ሞቱን ለመነ! ምን ተደረገለት? ተግሣጽ አልመጣበትም። መጀመሪያ እንቅልፍ ወሰደው። ከዚያም መልአክ ቀስቅሶ የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ሰጠው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። ለሁለተኛ ጊዜ ተቀስቅሶ በላ። ፈጣሪው ያነጋገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው።

በቅዱስ ቁርኣንም መርየም ምጥ ሲይዛት ወደ ተምር ግንድ ተጠግታ፣ ከዚህ በፊት ሞቼ በነበር እስከማለት መድረሷ ተነግሯል። የመጣላት ማጽናኛ ምን ነበር? አትዘኝ ተባለች፤ ከበታቿ የሚፈስ ውኃ መኖሩ ተነገራት፤ ግንዱን ስትወዘውዝ የበሰለ ተምር ረገፈላት፤ ብላ ጠጥታም እንድትጽናና ታዘዘች። ነቢዩ አዩብም ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ መዳናቸው የጀመረው በሚታጠቡበትና በሚጠጡት ቀዝቃዛ ውኃ ነው።

ልብ እንበል ወገኖች። በሁለቱም ሃይማኖት ዘንድ ለዛለ ሰው መጀመሪያ የቀረበለት ውኃ፣ ምግብ፣ ጥላና ዕረፍት ነው። ማንም አልተወቀሰም። እንግዲህ እምነትና ጤናማ ልማድ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አይደሉም፤ አንደኛው ያለሌላኛው ሩቅ አያደርስም። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። ከዚህ ቀጥሎ በተግባር ምን እናድርግ ወደሚለው እንለፍ።

አንደኛ፣ ስለ እንቅልፍ። ሰው ሌሊቱን ካልተኛ ቀኑን ሙሉ ዝሎ ይውላል፤ ሳምንት ካልተኛ ደግሞ መንፈሱ መውደቁ አይቀርም። የቆርቆሮና የብሎኬት ቤት ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል። ከዘንባባ ሰሌን የሚሠራው የአፋር ቤት ግን ነፋስ ያሳልፋል፤ የአገሩ ሰው በዕውቀት የሠራው ነው። ስለዚህ ግቢው የሚያመች ከሆነ ውጭ እንተኛ፤ ነገር ግን ወባ ያለበት አገር ነውና አጎበር ሳንዘረጋ አንተኛ። ቤት ውስጥ የሚተኛ ከመኝታ በፊት ገላውን ይታጠብ፤ እርጥብ ጨርቅም አንገቱ ላይ ያድርግ። ቬንትሌተር በጎ ነገር ነው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ግን የሚነፋብን ሞቃት አየር ስለሆነ ገላን ሳያርሱ በሱ ብቻ መተማመን አይገባም። የቀትር ዕረፍትም መልካም ነው፤ ሙስሊም ወገኖቻችን ቀይሉላ የሚሉት፣ ሱናም የሆነ ነው። ግን ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የተኛ ሰው ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ቢያማርር ምን ይደንቃል?

ሁለተኛ፣ ስለ ውኃና ስለ ምግብ። ትንሽ የውኃ ማነስ እንኳ ያደክማል፣ ራስ ያሳምማል፣ ሐሳብ ይበትናል፣ ያስቆጣል። ብዙ ጊዜ ድብርት መጣብኝ የምንለው ገና ውኃ የጠማን ጊዜ ነው። ጥም እስኪመጣ አንጠብቅ፤ ሽንታችን ከጠቆረ ውኃ አንሶናል ማለት ነው። የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ግን መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። ምግብ ካላሰኘን ጥቂት ጥቂት እያልን በቀዝቃዛው ሰዓት እንብላ። ወተቱም፣ ተምሩም፣ ሐብሐቡም እዚሁ አለ። ቡናችንን አንተውም፤ ነገር ግን ሦስተኛውን ሲኒ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጠጥቶ በስድስት ሰዓት ተኝቶ መገኘት የሚቻል አይመስለንም።

ሦስተኛ፣ ስለ ማለዳ። የሰመራ ቀን የሚያምረው ከጎህ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ያችን ሰዓት ተኝተን ካሳለፍናት የቀረው ቀን እሳት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያዛል። ይህም በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን መራመድ ማለት ነው። ለፈጅር ወደ መስጊድ በእግሩ ሄዶ የሚመለስ፣ ለኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ግማሹን ጨርሶታል። ትንሽ ዞር ብሎ ቢመለስ ሞላለት። በዚያው የማለዳ ብርሃን ያያል፣ ጎረቤት ሰላም ይላል። መንቀሳቀስ ለድብርት እንደሚበጅ በብዙ አገር በጥናት ተረጋግጧል።

አራተኛ፣ ስለ ጫትና ስለ መጠጥ። ይህንን ስናነሣ ፊታቸው የሚጠቁር አባላት እንዳሉ እናውቃለን። «በርጫ ላይ ሰው ብቻውን አይቀመጥም፤ ይጫወታል፣ ይረሳል» ይሉናል። እውነት አላቸው፤ አብሮ መቀመጡ መልካም ነው። ቅጠሉ ግን ለጊዜው አነቃቅቶ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል፤ ምግብ ይዘጋል፤ ምርቃናው ሲለቅ ያ ድብርት እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። በማግስቱ ደግሞ ሐራራው ያው ቦታ ላይ ያስቀምጣል። ድብርትን ለመርሳት የሚጠጣ አልኮልም እንዲሁ ነው፤ ያስተኛ ይመስላል እንጂ እንቅልፉ ዕረፍት የለውም። ስለዚህ የምንለው ጨዋታው ይቅር፣ ስብስቡ ይፍረስ አይደለም። ጨዋታው ይቆይ፣ ቅጠሉ ይቀነስ ነው። የተረፈውም ገንዘብ ለልጆች ወተት ይሆናል።

አምስተኛ፣ ስለ ዳጉ። የአፋር ሕዝብ ለኢትዮጵያ ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ ዳጉ ነው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ይቆማሉ ወይም ቁጭ ይላሉ፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላሉ። ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ ሁሉም በእውነት ይነገራል። ወሬውም ከአንዱ ወደ አንዱ እያለፈ በረሃውን ያዳርሳል። እኛ ከተማ ገብተን፣ ስልክ ይዘን፣ ይህን ትልቅ ነገር ወደ «ሰላም ነው? ሰላም ነው» አሳጠርነው። «ደህና ነኝ» ተብሎ የሚታለፍ ሰላምታ የታመመውን ሰው አያገኘውም። ዳጉ ግን ያገኘዋል፤ ሰው ተቀምጦ ሲጠየቅ የውስጡን ያወጣልና። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለም እንዴ አባቶቻችን! ከደጋ የመጣንም የራሳችን አለን፤ ቡና ጠጡ ተብሎ ጎረቤት የሚጠራበት ልማድ የዳጉ ወንድም ነው።

ስድስተኛ፣ ስለ እምነት ራሱ። እምነት ለቀኑ ሥርዓት ይሰጠዋል። ድብርት የያዘው ሰው ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ይጠፋበታል፤ አምስት ወቅት ሰላት ያለው ሰው ግን ቢያንስ አምስት ጊዜ ይነሣል፣ በውኃ ይታጠባል፣ ከሰው ጋር ይሰለፋል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው የፍልሰታ ጾምም በዚሁ ሙቀት መካከል ሰውን ከየቤቱ አውጥቶ በአንድነት ያቆማል። እምነት ደግሞ የዛሬው ቀን የመጨረሻው እንዳልሆነ ያስታውሳል። ሐጋይ ያልፋል፣ ከርማ ይመጣል፣ ጊላልም ይደርሳል። ሆኖም ጾምን በሚመለከት በማስተዋል እንሁን። ረመዳን በ2010 ዓ.ም. በግንቦትና በሰኔ ሲውል ምን ያህል እንደከበደ እናስታውሳለን። ለታመመና ለመንገደኛ ሃይማኖቱ ራሱ በሌላ ቀን የሚተካበትን ፈቃድ ሰጥቷል፤ ክርስቲያኑም የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። ፈጣሪ የፈቀደውን ዕረፍት በራሱ ላይ የሚከለክል ሰው የበለጠ ጻድቅ አይሆንም።

ወገኖች ሆይ፤ እስካሁን የተናገርነው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። የማይበቃው ሰው ግን አለ፤ ለሱ ዝም ልንል አይገባንም። ኀዘኑ ወይም ምንም ነገር አለመጣሙ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቆየ፣ ሥራና ቤት ማስተዳደር ካቃተው፣ የወለደች እናት ልጇን ማየት ከጠላች፣ ይህ ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ሕመም ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ዱብቲ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ድባቴ የሚታከም ሕመም ነው፤ በምክርም በመድኃኒትም ይድናል። አንድ ሰው «መኖር ሰለቸኝ» ካለ ቀልድ ነው ብለን አንለፈው። በቀጥታ እንጠይቀው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ብቻውን አንተወው፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና እናድርሰው። በሙቀት ውስጥ ቆይቶ መቀባዠር የጀመረ፣ ገላው የጋለ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ድብርት ሳይሆን የሙቀት አደጋ ነው ያገኘው። ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገብተን፣ ውኃ እያፈሰስንበት፣ እያራገብን ወደ ሐኪም እንሩጥ።

የአእምሮ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም በራሳቸው ማቆም የለባቸውም። አንዳንዱ መድኃኒት ሰውነት ሙቀትን እንዳይቋቋም ስለሚያደርግ በግንቦት መጀመሪያ ሐኪማቸውን ያማክሩ። «ጸበል ጀምሬአለሁና» ወይም «ሩቅያ አስደርጌአለሁና መድኃኒቱን ተውኩ» የሚሉንም አሉ። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ መምከራቸውን እናስታውሳቸዋለን። የሙስሊም ሊቃውንትም መታከም ከተወኩል እንደማያወጣ ያስተምራሉ።

በመጨረሻም ኮሚቴው የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል።

ሀ) ከግንቦት 1 ቀን እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ በየአምስት ቤቱ ጎረቤታሞች እርስ በርስ ይጠባበቁ። ሁለት ቀን ያልታየ ሰው ካለ በሩ ይንኳኳ። ሲከፍት «ደህና ነህ?» ተብሎ አይታለፍ፤ ቁጭ ተብሎ ዳጉ ይጠየቅ።

ለ) በሳምንት አንድ ምሽት፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ፣ በተራ በተራ በአንድ ግቢ ቡና ይፈላ። የሚጠራው ሁሉም ነው፤ በተለይም ብቻውን የሚኖር ተከራይ። ባለቤቶች ተከራዮቻችሁን ይዛችሁ ኑ።

ሐ) ጥላ ያለው ቤት ደጃፉ ላይ የመጠጥ ውኃ ያኑር። አላፊ አግዳሚው ይጠጣበት።

መ) ኢማሞችና ካህናት ድብርት ኀጢአት አለመሆኑን በየስብከታቸው እንዲያስተምሩልን በትሕትና እንለምናለን። ከኛ ቃል ይልቅ የነሱ ቃል ይሰማል።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የአንድ ሰው ደጅ ድረስ መሄድ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሙቀቱን መቀነስ አንችልም፤ ሰው በሙቀቱ ውስጥ ብቻውን እንዳይቀር ማድረግ ግን እንችላለን።

ፈጣሪ ከርማውን ዝናብና ወተት የሞላበት ያድርግልን። የታመሙትን ይማር፣ ያዘኑትን ያጽናና።